የጉግስ ሜዳና የእንሰት ጓሮ

በዚያን ዘመን ሆሳዕና ከተማ ጉግስ መጫወት እንጀራዬ ነበር። ገዥው ለእኔ ቀለብ ያሰፍሩልኛል፣ ለፈረሴ ሣር ያሳጭዱለታል፤ እኔ ደግሞ በበዓል ቀን የሚወረወርብኝን ዘንግ በጋሻዬ እመክታለሁ። ጀርባዬ ላይ ያረፈው ዘንግ ቢሰበሰብ ጎጆ ይወጣው ነበር ብል አላጋነንኩም።

ጓደኞቼ ሁሉ ጎጆ የቀለሱት ሜዳው ዳር ነው። ድምፃቸው መለከት የማያሻው የቡድን አባታችን "ስጠራህ ከነጉርሻህ ካልደረስክ ፈረሰኛ አይደለህም" ይሉ ነበር። እኔም ሙሽራዬን ከአንጋጫ አምጥቼ እዚያው ሜዳ ዳር አወረድኳት።

ቤቱን ዞራ አየችው። ጓሮው በፈረስ ኮቴ ተደልድሎ ራሰ በራ ሆኗል።

"እንሰቱስ?"

"ዛሬ እንተክላለን፣ ለመስቀል እንበላለን" አልኳት፣ እንሰትን እንደ ጎመን የምቆጥር የሰሜን ሰው ልጅ!

ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እሱ እስኪደርስ አንተም ፈረስህም ታረጃላችሁ።" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "እናቴ ብትመጣ ምን ትለኛለች? እንሰት የሌለው ቤት እኛ ዘንድ የመንገደኛ ማደሪያ ነው። ጓሮ ያለው ቤት ፈልግ፤ አለዚያ አባቴ ቤት መልሰኝ።"

ከቤቷ ያመጣችውን የዕቃ ጥቅል ሳትፈታ ተቀመጠች። ስንቱን ፈረሰኛ ያሯሯጥኩ ሰው ያንን ጥቅል ማየት አቃተኝ። በአንጋጫ መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ብቸኝነት የሰለቻት ባልቴት ግማሽ ቤቷን ከነጓሮዋ ለቀቀችልን። እንሰቱ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሣ ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ የነጋ አይመስላቸውም። ሚስቴ ግን ጥቅሏን አሁንም አልፈታችም፤ ሜዳው መልሶ እንዳይወስደኝ ፈርታለች።

አልተሳሳተችም። ለልምምድ የደረስኩት ሌላው ጨርሶ የፈረሱን ኮርቻ ሲያራግፍ ነበር። የቡድን አባት ከነአለንጋቸው ቤቴ ድረስ መጡ።

"ወይ ሜዳውን ወይ ጫካህን ምረጥ!"

ሚስቴ ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን አቀረበች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆመው በሉ። ለሁለተኛው ተቀመጡ። ለሦስተኛው አለንጋውን መሬት አኖሩ።

"ይሄ ከዚህ ጓሮ ነው ልጄ?"

"አዎ አባባ። ሜዳው ዳር ብሆን ውሃ ነበር የማቀርብልዎ።"

አላምጠው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ሰነፍ ፈረስህ ከዚህ ተነሥቶ ሜዳው እስኪደርስ ሰውነቱ ይፍታታል። ብቻ ማልደህ ተነሣ። ስትመጣም ባዶ እጅህን እንዳትመጣ።"

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ ጥቅሉ ተፈትቷል። መጀመሪያ የወጣው የእንሰት መፋቂያዋ ነበር፤ ግድግዳው ላይ፣ ከጋሻዬ አጠገብ ሰቅላዋለች።