ዳንቴል የለበሰው ፍሪጅ

ታናሽ ወንድሜ እናታችንን ሆስፒታል ያስተኛትን ጥፋት እኔ ላይ አላከከ። «ማንበብ ስለማይችል ፍሪጁን ማሞቂያው ላይ አዞረው» አለ። ይህን ያለው በዘመድና በጎረቤት ፊት ነው፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ።

እናቴ ስኳር አለባት። የምትኖረው ሶዶ፣ ከእኔ ጋር ነው። ኢንሱሊኗን ለዓመታት ያስቀመጥንላት እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ ማሰሮ ነበር። ዘዴውን ያሳየችን ነርስ ናት። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውኃ አርከፈክፋለሁ፤ መድኃኒቱ አንድም ቀን አልተበላሸም። ወንድሜ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው። እናቱ መድኃኒቷን ከአሸዋ ውስጥ ስታወጣ ማየት አሳፈረው መሰለኝ፣ ፍሪጅ ይዞ መጣ።

ፍሪጅ ካሉት። ቁመቱ ከጉልበቴ አያልፍም። እንደ ትልቁ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ሞተር የለውም፤ ጀርባው ላይ አንዲት ስስ ሰሌዳ አለች፣ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በአንዱ ፊቷ ትቀዘቅዛለች፣ በሌላው ትግላለች። የጋለውን ፊት ትንሽ ማራገቢያ ያበርደዋል። ይህን የተማርኩት በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ነጭ ሣጥንና በጎኑ ያለው ማዞሪያ ብቻ ነው፤ ቀዩ ለማሞቅ፣ ሰማያዊው ለማቀዝቀዝ።

በመጣ ቀን ሽማግሌ መረቀው፣ ጸሎትም ተደረገ። እናቴ ደግሞ የልጇ ስጦታ ራቁቱን አይቀመጥም ብላ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው። በእኛ ቤት ደንብ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ለብሷል፣ ራዲዮውም ለብሷል። ዳንቴሉ ከላይ ወርዶ ጀርባውን እስከ ወለሉ ሸፈነው። ሁላችንም አማረበት አልን።

በጋው ጠነከረ። እናቴ መርፌዋን ሳታጓድል እየወሰደች ጥም ያቃጥላት ጀመር። ከሳች። አንድ ጠዋት ብጠራት መልስ የለም። ተሸክመን ኦቶና ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ይዘን የሄድነውን የኢንሱሊን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ይሄን ሙቀት ገድሎታል፤ የት ነው የምታስቀምጡት?» አለን። ዳነች፣ ተመስገን። ቤት ገብታ ጠያቂ በሞላበት ቀን ነው ወንድሜ ያን ቃል የተናገረው።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከጎልማሶች ጋር። እሱ ደብተር ሲይዝ እኔ ዶማ ያዝኩ፤ አንዳችን መማር ነበረብን፣ የተመረጠው እሱ ነው። በዚህ አልከሰውም። ግን ቀይና ሰማያዊን ለመለየት ፊደል አያስፈልግም። ማዞሪያውንም አልነካሁም።

አዲስ የታዘዘላትን መድኃኒት ማሰሮው ውስጥ አስቀመጥኩ። ሣጥኑን መጣል አልቻልኩም፤ ብጥለው «አበላሽቶ ጣለው» ይባላል። እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ነበረብኝ፣ ሌላ መከራከሪያ የለኝም።

መጀመሪያ የማውቀውን ሠራሁ። ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ቀኑን ሙሉ ገበያ ይውላል፣ አይቀልጥም። እኔም ዳንቴሉን ገፍፌ ሣጥኑን ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ በገመድ ጠፈርኩት። ሲመሽ እጄን ብሰድበት ከቤቱ ይልቅ እሱ ይሞቃል።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ቴሌቪዥን የምትጠግን ሴት አለች። በባጃጅ ወሰድኩላት። ቅጠሉን ስታይ ሣቅ አፈናት።

«ጋሼ፣ ቅቤ ነው እንዴ ያመጡልኝ?»

«አትቀልጂብኝ። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«እሱማ ይሠራል፣ እርስዎ አፍነውት ነው እንጂ። ይሄ እኮ ብርድ አይፈጥርም። የውስጡን ሙቀት ተሸክሞ በጀርባው ነው የሚያወጣው። ጀርባውን ከደፈኑበት የት ይጣለው? ይዞት ይመለሳላ!» ገመዱን እየፈታች ጠየቀችኝ፣ «ከቅጠሉ በፊትስ ምን ነበረበት?»

«ዳንቴል።»

ሣቋን አቆመች። «የእናቴም ቤት እንደዚሁ ነው» አለች።

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም አልቀለለኝም። ራሴን ነፃ ለማውጣት እናቴን መክሰስ ሊኖርብኝ ነው። ሞት አፋፍ ደርሳ ለተመለሰች ሴት «በገዛ እጅሽ ነው» ልላት ነው። ሰዎች እውነት ነፃ ያወጣል ይላሉ። ማንን እንደሚያስር ግን አይናገሩም። ነገሩን በሆዴ ያዝኩት።

ጠጋኟ ሰሌዳዋን ነቅላ የደረቀውን ማጣበቂያ ፈገፈገች። እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ነጭ ቅባት በስሱ ቀባችላት፤ «ከወፈረ እሱም ብርድ ልብስ ነው» አለች። ከአሮጌ ኮምፒውተር የፈታችውን ባለብዙ ክንፍ አሉሚኒየምና ተለቅ ያለ ማራገቢያ ከኋላዋ አሰረችላት። የቀረውን ቤት ወስጄ እኔ ሠራሁ። ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም ቆራርጬ ጎኖቹንና ላዩን ለበድኩ፣ ጀርባውን ክፍት ተውኩ። የላላውን የበሩን ጎማ አጣበቅኩ። መብራት ሲጠፋ ብርዱን እንዲያቆዩልኝ ውስጡን ውኃ በሞሉ ጠርሙሶች አጨናነቅኩት። ነርሷ «ከሁለት ዲግሪ በታች አይውረድ፣ ከስምንት በላይ አይውጣ» ብላኝ ስለነበር ቴርሞሜትር አስገባሁ። አሥራ አንድ ላይ ወርዶ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።

ሳሎኑ የከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል። ሣጥኑን አንሥቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩ፤ ከግድግዳው አራቅኩት። እናቴ ዳንቴሉን ይዛ ተከትላኝ መጣች።

«የልጄን ስጦታ ሰው እንዳያየው ጓዳ ትደብቃለህ?»

«እዚህ ይቀዘቅዛል።»

«ራቁቱን?»

«ራቁቱን።»

«ዳንቴሌ ምን በደለ?»

ሶኬቱን ሰካሁ። እሷ ግን ሞኝ ሴት አይደለችም። እጇን ወደ ሣጥኑ ጀርባ ሰደደች፤ ማራገቢያው የሚተፋው ሙቅ አየር መዳፏን መታው። እጇን ሳታነሣ ብዙ ቆየች። ከዚያ ዳንቴሉን አጥፋ በብብቷ ይዛ ወጣች። በማግስቱ ቴርሞሜትሩን ባየው ሰባት ይላል። ለብዙ ቀን ጠበቅኩት፤ አልተነቃነቀም። መድኃኒቷን ያኔ አስገባሁ።

ጊፋታ ደረሰ። ለወላይታ አዲስ ዓመት ቤተሰብ ሁሉ እናት ቤት ይሰበሰባል፣ ወንድሜም መጣ። በጥየቃው ቀን የነበሩት ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ሁሉ ነበሩ። ጓዳ ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ፣ እጁን ሰደደ፣ ፈገግ ብሎ ተመለሰ።

«ማዞሪያውን መለስከው ማለት ነው?» አለኝ፣ ሰው እየሰማ።

ተነሣሁ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም፤ ደግ ቃል ግን አልነበረም። እናቴ ቀደመችኝ።

«ማዞሪያውን የነካ የለም» አለች። «ያፈንኩት እኔ ነኝ፣ በዳንቴሌ። ወንድምህ ሲያውቅ ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው።»

ወንድሜ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መሬት አየ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና «በሰው ፊት የወጣ ቃል በሰው ፊት ይመለሳል» አለው።

ወንድሜ ቆመ። «ወንድሜ አልነካውም» አለ። «ሳላይ ነው የተናገርኩት። ማንበብ አይችልም ማለቴም ትክክል አልነበረም።»

ይቅርታ የምትለዋን ቃል አልጨመረባትም፤ እኔም አልለመንኩትም። አልተቃቀፍንም። ሥጋው ሲቀርብ ቆርጬ ሰጠሁት፣ ተቀብሎኝ በላ። ዕለቱ የጊፋታ እሑድ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።