የአንሶላው እርግዝና

አክስቴ ዕድሜዋን ያሳለፈችው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ካውያ ስትገፋ ነው። በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «እትዬ እንፋሎት» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከካውያው ይሁን ከቁጣዋ አልተጣራም፤ ሁለቱም ቶሎ ይግላሉ፣ ሁለቱም ቶሎ ይበርዳሉ። ያረፈችው በዚህ ዓመት ነው። ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ስለሆነ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የተቀጠረችበትን ዘመንና ለደንብ ልብስ የተመዘገበ የጫማ ቁጥሯን ነው። የጫማ ቁጥሩም ተሳስቷል። ስለዚህ እኔው እጽፋለሁ። በዓይኔ ያላየሁትን የነገሩኝ አክስቴና ላውንደሪው ውስጥ አብራት የሠራች አንዲት ልጅ ናቸው። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

ላውንደሪው መስኮት የለውም። የአልጋ ልብሱ ከፎቅ በቱቦ ተወርውሮ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል፤ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ይለዩታል፤ ማሽኖቹ ያጥቡታል፤ አክስቴ ትተኩሰዋለች፤ አጣፊዋ ሴትዮ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ታጥፈዋለች። የሚለዩት ልጆች ጓንት ማጥለቅ አለባቸው። ጓንቱ ግን ይሞቃል፣ እጅ ያልባል፤ አለቃ ዞር ሲል ያወልቁታል። ምክር አልሠራ ሲል አክስቴ የራሷን ዘዴ አመጣች።

«ጓንትሽን አውልቀሽ የሙሽራ አንሶላ ከነካሽ ታረግዣለሽ!»

ትልልቆቹ ሴቶች ይስቃሉ፣ አዲሷ ልጅ ታፍራለች፣ ጓንቱም ይጠለቃል። ይህን የሚያምን ሰው ይኖራል ብላ አክስቴ አስባ አታውቅም።

አንድ ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ከማነሷ የተነሣ «ድምቢጥ» ያሏት ልጅ ተቀጠረች። አክስቴ ዕድሜዋን አሥራ አምስት ትል ነበር፤ አሥራ ስድስት ነው። ያሳደጋት አባቷ ብቻውን ነው፤ አናጢ፣ ደግ፣ ዝምተኛ ሰው። ስለ ሰውነቷ የነገራት የለም። የሳይንስ መምህሯም ያንን ምዕራፍ «ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ዘሎታል። አንድ ቀን ጓንቷ ተቀዶ እርጥብ አንሶላ እጇን ነካት። የዚያን ወር የወር አበባዋ ቀረ።

ምሳ መብላት ተወች። በባዶ ሆዷ የበረኪናው ሽታ ሲያስመልሳት ይባስ አመነች። በመጨረሻም የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ይዛ መጥታ ለአጣፊዋ ሰጠቻት።

«ለልጅሽ ውሰጂላት።»

«ትምህርት ሊከፈት ነው እኮ! አንቺስ ደብተርሽን በምን ልትይዢ ነው? በዘንቢል?»

«አልማርም። ሌላ ከተማ ልሄድ ነው።»

አክስቴ ካውያዋን አቁማ መጣች። «ማነው አልማርም ያለው? አባትሽ ያውቃል?»

«እንዳይነግሩብኝ፣ እትዬ! ሳያውቅ ነው የምሄደው።» ልጅቷ አለቀሰች። «አርግዣለሁ።»

«ከማን?»

«ከአንሶላ።»

አጣፊዋ ሳቋ አመለጣት። አክስቴ ግን አልሳቀችም። «ካውያው ደረቴ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ» ብላኛለች።

«ቀልዴን እኮ ነው፣ የኔ እናት! ጓንት እንድታጠልቂ ብዬ ነው!»

«ታዲያ የወር አበባዬ ለምን ቀረ?»

አክስቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ልጅቷን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ ክፍል ውስጥ አክስቴ ወሬውን ቀድማ ጀመረች። ነርሷ አቋረጠቻት። «እማማ፣ አረገዝኩ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔማ በየት በኩል!»

«እንግዲያው ውጭ አረፍ ይበሉ።»

ብቻቸውን ሲሆኑ ነርሷ ቀስ ብላ ጠየቀቻት፤ ወደሽም ሆነ ተገደሽ ከሰው ጋር ግንኙነት አድርገሻል? አላደረገችም። ሽንቷ ተመረመረ፤ እርግዝና የለም።

«ከአንሶላ፣ ከፎጣ፣ ከሽንት ቤት መቀመጫ አይረገዝም» አለቻት። «የወር አበባ በእናንተ ዕድሜ እንደ ሰዓት አይመጣም። ጭንቀትና አለመብላት ደግሞ ያዘገየዋል። እስከ ሦስት ወር ካልመጣ ግን ነይና እናየዋለን።»

ድምቢጥ ትንፋሿ ሲመለስ አፏም ተፈታ። «ጓደኞቼ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አይረገዝም ይላሉ።»

«ይረገዛል። ቆመውም ይረገዛል፣ ወዲያው ታጥበውም ይረገዛል። እናንተ ልጆች የማያስረግዘውን ትፈራላችሁ፣ የሚያስረግዘውን ትንቃላችሁ!» ኮንዶም ከእርግዝናም ከበሽታም እንደሚከላከል፣ አንዱ አንዴ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ሰው በመልኩ በሽተኛ ይሁን ጤነኛ እንደማይለይ ነገረቻት።

ልጅቷ ትግባ ስትል አክስቴ ተጠራች። ምሥራቹን ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ግን ነርሷን በሹክሹክታ «ሲስተርዬ፣ መከላከያ ብቻ እንዳትሰጫት፤ ማህፀን ያደርቃል» አለቻት።

«ማን አለ?»

«እኔው ምስክር አለሁልሽ። በልጅነቴ፣ እንደተጋባን ሰሞን፣ መርፌውን ወሰድኩ። ይኸው አልወለድኩም።»

አክስቴ ያሳደገችው እኔን ብቻ ነው። ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

ነርሷ ወንበር ሳበችላት። «እማማ፣ መርፌው ሲቆም ለመጸነስ ወራት ሊያዘገይ ይችላል፤ ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ማህፀን ግን አያደርቅም። ያልወለዱበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳልመረምር አልነግርዎትም። ባለቤትዎስ ተመርምረው ነበር?»

«እሱ? እሱ እንኳን ይህንን፣ ጥርሱንም ሳያስመረምር ነው የሞተው!»

ሦስቱም ሳቁ። አክስቴ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ወደ ሳቅ።

በሩ ላይ ድምቢጥ «ራበኝ» አለች። ዳቦ ገዝተው ቆመው በሉ። ልጅቷ ሁለት ጨርሳ የአክስቴንም ግማሽ ወሰደችባት።

ማታ አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አጫወተችኝ። «መርፌው አይደለም ለካ» አለች፤ ደግማም አለችው። ካወቅኋት ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ የምትነሣ ሴት ነበረች። በማግስቱ ለሥራ የቀሰቀስኳት እኔ ነኝ።

ላውንደሪ አርፍዳ ስትገባ ቦርሳው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ይዤው ሳልሄድ ቀረሁ፤ ለባለቤቱ አስረክቢ» አለች አጣፊዋ። «ምነው እትዬ እንፋሎት፣ ዛሬ በረድሽሳ?»

«በረድኩ።»

ቦርሳውን ድምቢጥ ትከሻ ላይ ሰቀለችው፤ አዲስ ጓንትም እጇ ላይ አኖረች። «ይህን አጥልቂ። በረኪና እጅ ይልጣል፤ ከሰው ቆሻሻም በሽታ አይታጣም። እርግዝና ግን ከዚህ ቅርጫት አይወጣም። ሰምታችኋል፣ ሁላችሁም?»