ካታሎግ ውስጥ የሌለው ሰማያዊ ክንድ

ቶኪኤ ኩሪሃራ ጓንት አታደርግም። በካትሱሺካ ሰፈር የሮቦት አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ማኅበር ውስጥ ዕቃውን በባዶ እጇ የምትነካ ዳኛ እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሣ ሰው ነው ሣጥን የሚያነሡት። ሲቆጧት መልሷ አንድ ነው።

"በነዚህ እጆች የተሠራ ዕቃ ዛሬ ምን አግኝቶ ነው የሚጸየፈኝ?"

እሳት የላሰች ሴት ናት፤ ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቷት እንኳ አልበረደላትም። ከዚህ ዕድሜዋ አሥራ ሦስቱን ዓመት የበላባት ከወንዙ ማዶ የነበረች አንዲት ትንሽ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ነበረች። አጠፍ ዘርጋ ሲያደርጉት ሮቦት ሆኖ የሚቆም መኪና ነበር የሚሠሩት። ስድስት ሴቶች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዷ እግር ትገጥማለች፣ አንዷ ጭንቅላት፤ ክንድ መግጠም የኪኑዮ ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ቶኪኤ አጣጥፋና ዘርግታ ትፈትሸዋለች። ደኅና ከሆነ ትከሻው መጋጠሚያ ላይ በቀይ እርሳስ አንዲት መስመር ታሰምራለች፤ ግማሿ ወርቃማው ደረት ላይ፣ ግማሿ ክንዱ ላይ። ክንዱ ከተቀየረ መስመሩ አይገጥምም፤ ይህን ሰብሳቢዎቹም ያውቃሉ።

ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ቀይ ፕላስቲክ አለቀ። አለቃቸው "ዝም ብላችሁ ጨርሱት" ቢላቸው፣ ያን ቀን ይሠሩት ለነበረው፣ ደረቱ ብቻ ወርቃማ ለሆነው ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ሰማያዊ ክንድ ገጠሙለት። አሥራ ሁለት ወጣ። አሥራ አንዱ ተሸጠ፤ በቀረው ዕጣ ተጣጣሉና ለቶኪኤ ደረሳት። ሣጥኑን ሠላሳ ሰባት ዓመት አልከፈተችውም። ዘንድሮ በጸደይ ኪኑዮ ሞተች። ከስድስቱ የቀረችው ቶኪኤ ብቻ ናት።

ማኅበሩ ደግሞ በመከር አዲስ ካታሎግ ሊያሳትም ሆነ። እዚያ ያልገባ ሮቦት ከእንግዲህ ወዲያ እውነተኛ የሚለው ሰው አያገኝም። ቶኪኤ ምዝገባው በሚዘጋበት በመጨረሻው እሑድ ሣጥኗን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ሊቀመንበሩ ፊት ዱብ አደረገችው።

ሊቀመንበሩ ሺባሳኪ የድሮውን ካታሎግ በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው። በሣጥኑ መስኮት አጮልቆ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ኩሪሃራ ሳን፣" አላት በአገራቸው የአክብሮት አጠራር፣ "ቀይ ገላ በሰማያዊ ክንድ ተሠርቶ አያውቅም። ካታሎጉ ላይ የለም።"

"እኔም ካታሎጉ ላይ የለሁም። ይኸው ፊትዎ ተገትሬያለሁ አይደል?"

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሺባሳኪ ግን አልሳቀም።

"ምናልባት አንድ ሰው ከሌላ ሮቦት ነቅሎ ገጥሞበት ይሆናል። ላስቀይምዎ ብዬ አይደለም።"

"ማን ነው አንድ ሰው? እኔ?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"በሆድዎ ብለውታል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ይከፈት። ትከሻው ላይ የእጄ መስመር ከሌለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

በሰብሳቢዎች ዘንድ የአሮጌ ሣጥን ማሸጊያ መቅደድ ነውር ነው፤ አንደኛ ደረጃ የሚባለውም ሳይከፈት የኖረ ብቻ ነው። ሺባሳኪ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሳይከፈት ይቅርና 'አጠራጣሪ' ብዬ ልጻፍልዎ። ተከፍቶ መስመሩ ከታጣ ግን የምጽፈው 'የለም' ብዬ ነው። እርስዎም ከዳኝነቱ ይነሣሉ።"

"አጠራጣሪ? ኪኑዮ ናት አጠራጣሪ?" አለችና ማሸጊያውን በአውራ ጣት ጥፍሯ ቦጨቀችው። አንዱ ከኋላ "ወይኔ!" ሲል ተሰማ።

እጇን ልትሰድ ስትል ሺባሳኪ ቀደማት። መርማሪው ሊቀመንበሩ ነው ይላል ሕጋቸው። በጓንቱ አነሣውና ሣጥኑ ጀርባ ላይ ያለውን የአጣጠፍ ስዕል እያየ፣ የተሸፈነው የትከሻ መጋጠሚያ እንዲገለጥ ጭንቅላቱን ማጠፍ ጀመረ።

"ኧረ ይተዉ! መጀመሪያ ትከሻውን ያላቅቁት! ወርቃማው ፕላስቲክ ሲያረጅ ብስኩት ነው!"

"ስዕሉ ከጭንቅላት ይጀመር ነው የሚለው።"

"ስዕሉን የሣለው ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ አልገጣጠመም!"

ቀጭ አለ። ሰማያዊው ክንድ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ከወርቃማው ትከሻም ስባሪው ተከትሎት ወደቀ።

ሺባሳኪ ፊቱ አመድ መሰለ። ከወገቡ ታጥፎ አጎነበሰና ቀና ማለት አቃተው። ቶኪኤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከአቧራና ከፀሐይ ስትጠብቀው ኖራ በአንድ ጓንት! ልትጮህ አፏን ከፈተችና ተወችው። ክንዱን በአንድ እጇ፣ ስባሪውን በሌላው አነሣችና አገጣጠመቻቸው። ቀዩ መስመር ከወርቁ ተነሥቶ ሰማያዊው ላይ ቀጥ ብሎ አለፈ።

"ቀና ይበሉና ይዩት!"

ሺባሳኪ አየ። ከኋላ ያሉትም ጠረጴዛውን ከበው እየተንጠራሩ አዩ። ሺባሳኪ ብዕሩን አንሥቶ ረቂቁ ላይ "እውነተኛ" ብሎ ጻፈ።

"የገጣጣሚዎቹንም ስም ይጻፉ። የስድስታችንንም። ከኪኑዮ ይጀምሩ።"

"ለስም የሚሆን ዓምድ የለውም፣ ኩሪሃራ ሳን።"

"ያስምሩለታ!"

ማስመሪያ ፈልጎ አሰመረ። ስሞቹን እሷ እየጠራች እሱ ጻፈ። ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

"ይቅር ይበሉኝ። በኔ ጥፋት የመጨረሻውን ደረጃ ሊያገኝ ነው። ባይከፈት ኖሮ እኮ..."

"ባይከፈት ኖሮ አጠራጣሪ ነበር። ያንን የናንተን ቁጥር ይተዉትና እኔ የምልዎትን ይጻፉ።"

"ምን ብዬ?"

"ተከፍቷል። ተሰብሯል። አለ።"

ሺባሳኪ ጓንቱን አወለቀና ልክ እንዳለችው ጻፈ።