የባሌ ድሮንና የእናቱ መቃብር

ባሌ ቻንግሶፕ በሰባ አራት ዓመቱ አብራሪ ሆነ። አትሳቁ። እኔ ለሁላችንም የሚበቃ ስቄያለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቱ ነው። ድሮ በየዓመቱ፣ ቤተሰብ ሙታኑን ለሚያስብበት ለቹሶክ በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማጭዱን ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው የእናቱ መቃብር ይወጣና ሣሩን ያጭድ ነበር። ጉልበቱ ከታከመ ወዲህ ግን ሐኪሙ "ዳገት የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ" አለው። ስለዚህ ሥራው ለወንድሙ ልጅ ለቴግዩ ተላለፈ። ቴግዩ ከጓንግጁ ከተማ በመኪና ይመጣል፣ በማጨጃ ሞተሩ ተራራውን ሲያስጮኸው ያረፍዳል፣ ለአጎቱ ፎቶ ይልካል፣ ይሄዳል። እኛም "ተባረክ" እንላለን።

ፎቶው ነው ጣጣ ያመጣው። በደንብ የታጨደች ክብ ጉብታ፣ ከጎኗ አንገቱ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ። ባሌ ስልኩን አንዴ ወደ ዓይኑ፣ አንዴ ወደ ብርሃን እያደረገ "ጥዷ የታለች?" ይለኛል። ከእናቱ ራስጌ አንዲት የጎበጠች ጥድ አለች።

"ይህን ማሰሮስ አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው?"

"እኔ ለእናትህ ማሰሮ ስሰጥ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ቴግዩን ሲጠይቀው "አጎቴ፣ ጥዷ ፎቶው ውስጥ አልገባች ይሆናላ!" አለው። ልጁ ውሸት አያውቅም። ግን አያቱ ስትቀበር ገና የሚታዘል ሕፃን ነበር፤ ቦታውን ያገኘው አጎቱ በስልክ "ከምንጩ በላይ፣ ወደ ግራ" እያለ እየመራው ነው። እዚያ ተራራ ላይ ደግሞ ያልተቀበረ የለም፤ ጉብታ ሁሉ ጉብታ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰውዬ "ጥዷ፣ ጥዷ" እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። ልፈርድበት ግን አልችልም። እናቱ ገና በልጅነቷ ባሏ ሞቶባት፣ ጎመን በራሷ ተሸክማ ከመንደር መንደር እየሸጠች ነው ያሳደገችው። ልትሞት ስትል ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ሣር አታስበላኝ፤ መቃብሬን እጨድልኝ።" እሱም "እሺ እማዬ" አለ። ለኔ ጥሩ አማት አልነበረችም፤ ሠላሳ ዓመት አንድ ማድ ቤት ውስጥ ተነካክሰናል። ለልጇ ግን እናት ነበረች፤ ሐቁን መናገር ነው።

እንግዲህ የወረዳው የአረጋውያን ማእከል "ድሮን ለጀማሪዎች፣ ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ ለሆኑ" የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ባሌ ጤነኛ ጉልበት እንዳለው ሰው ሮጦ ተመዘገበ። "በእግሬ ካልሆነ በሰማይ እሄዳለሁ፤ በዓይኔ አያታለሁ" አለ።

መምህርቷ ዳሶል ትባላለች፤ ለልጅ ልጅነት የምትደርስ፣ ትዕግሥቷ ግን የመነኩሴ። ሜዳ ፈልጉ፣ ነፋስ ካለ ቤታችሁ ተቀመጡ፣ መጀመሪያ ከራሳችሁ ከፍታ ብዙ አትለፉ፣ ባትሪው ሳያልቅ መልሱት ትላለች። ድሮኑ ፊቱን ወደናንተ ሲያዞር ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ስለዚህ እስክትለምዱ ሁልጊዜ ከኋላው ቁሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "አባባ፣ ሲደነግጡ እጅዎን ይልቀቁ፤ እሱ ራሱ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።"

ባሌ በዕድሜው ደንግጦ የያዘውን ለቆ አያውቅም። ሲደነግጥ ይጨምቃል።

ደግሞስ ሜዳ ፈልግ የተባለ ሰው የት ያበራል? ግቢያችን ውስጥ! ያውም በርበሬዬ ከተሰጣበት ምንጣፍ አጠገብ። ከማእከሉ የተዋሰው ድሮን ብድግ ሲል በርበሬው አብሮት ብድግ አለ። ባሌ ወደ ግራ ሲለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲለው ወደ ማሰሮዎቼ።

"የሚርዬ አባት!" ብዬ በልጃችን ስም ጠራሁት። "ልቀቀው! እጅህን ልቀቅ!"

"ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው!"

"አንተ እስክታስብ በርበሬዬ አለቀ!"

በመጨረሻ ድሮኑ ራሱ ሰልችቶት የጎመን መደቤ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። እስኪመሽ ድረስ ሁለታችንም ስናነጥስ ዋልን። አርጅታችሁ ድሮን ልትማሩ ካሰባችሁ እንግዲህ እኔም ምክር አለኝ፤ አስቀድማችሁ የሚስታችሁን በርበሬ አንሱ።

ከዚያ በኋላ ወደ ማእከሉ ሜዳ አብሬው መሄድ ጀመርኩ፤ ለጥበቃ መሆኑ ነው። እዚያ ነው ኦክቡንን በቅርብ ያወቅኋት። የታችኛው መንደር ሴት ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ በካርታ ጨዋታ አንድም ሰው አሸንፏት አያውቅም። ጣቷ ፈጣን ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ድሮኑን እንደ ጥጃ ወዲያ ወዲህ ነዳችው። የባሌ እየተንገዳገደ ሲያልፍ ደግሞ "ወንድም ቻንግሶፕ፣ የሰከረው ድሮኑ ነው ወይስ እርስዎ?" ትላለች። ባሌ ይናደዳል፣ ሲናደድ ይበልጥ ይጨምቃል፣ ድሮኑም ይበልጥ ይሰክራል።

የኦክቡን ባል የተቀበረው እዚያው ተራራ ላይ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ ዱሆ የሚባል። አባቱ የተቀበረ ዕለት እናትና ልጅ ክፉ ቃል ተለዋወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ አልመጣም፣ አልደወለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ይህን ካወራችልን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ግን እኮ ይመጣል" አለች። "ዓምናም ካቻምናም ለቹሶክ ስወጣ የአባቱ መቃብር ታጭዶ ነው ያገኘሁት። ማን ያጭደዋል ሌላ? ተደብቆ ይመጣና አጭዶ ይሄዳል፤ እኔን ፊት ለፊት ማየት አፍሮ ነው። ደፍሮ በሬን እስኪያንኳኳ እጠብቀዋለሁ።"

ይህን ስትል ያ ሁሉ ሽሙጧ ከፊቷ ጠፋ። እኔ እንባዬ መጣ። ባሌ እንኳ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ይህ ሰው ሙሽራን በሠርጓ ቀን "ቀሚሱ ጠቦሻል" ያለ፣ አፉ መዝጊያ የሌለው ሰው ነው።

ዘንድሮም ቴግዩ መጥቶ አጨደ፣ ያችኑ ፎቶ የመሰለች ሌላ ፎቶ ላከ። ባሌ በበኩሉ በርትቶ ነበር፤ ድሮኑን እስከ ወንዙ አድርሶ መመለስ ችሏል። አንድ ነፋስ የሌለበት ጠዋት "ዛሬ ነው" አለ።

ዳሶል "ዓይንዎ ስክሪን ላይ ሲሆን፣ ሰማዩን የሚያይልዎ ሌላ ሰው አይጥፋ" ብላው ስለነበር ኦክቡን "የኔ ዓይን ጭልፊት ነው" ብላ ተከተለችን። ተራራው ሥር ካለው ሜዳ ቆምን። ኦክቡን አንጋጣ ድሮኑን ትከተላለች፣ ባሌ ስክሪኑ ላይ አቀርቅሯል፣ እኔ በትከሻው ላይ አያለሁ። እንዴት አድርጎ እንዳበረረው ብነግራችሁ! እጁ አንዴ አልተንቀጠቀጠም። ምንጩን አለፈ፣ ወደ ግራ ዞረ፣ ወጣ።

ጥዷ አለች። እንደጎበጠች ቆማለች።

ከሥሯ ግን መቃብር አይታይም። ሣሩ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ አንዱን ጎን ከርከሮ ቆፍሮታል። ባሌ ድሮኑን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ሳበው። ከጥሻው በታች አንዲት ጉብታ አለች፣ የወታደር ራስ ይመስል የተላጨች። ከጎኗም አንገቱ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ።

ተያየን። ቴግዩ በየዓመቱ የሰው መቃብር ነው ያጨደው።

"ምን አያችሁ?" አለች ኦክቡን፣ ዓይኗን ከሰማይ ሳታነሳ። "የኔ ባል ከምንጩ በላይ ነው። ማሰሮ አለው፣ ዱሆ ልጅ ሳለ ግቢያችን ውስጥ በኳስ የሰበረው፤ ከቤት ነው ያመጣሁለት። ታጭዷል?"

ባሌን አውቀዋለሁ፤ አሁን ይናገራል አልኩ። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ከዚያ፣

"ታጭዷል" አለ። "ጥርት ተደርጎ ነው የታጨደው። ነይ እይ።"

መጥታ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "መጥቷል" አለች። "ልጄ ዘንድሮም መጥቷል። አላልኳችሁም?" ስትስቅም ስታለቅስም ቆየችና "የእናትዎስ?" አለችው።

"የኔም ታጭዷል።"

ኦክቡን ወደ ቤቷ ስትሄድ ጠብቄ "ለምን አልነገርካትም?" አልኩት።

"ምን ልበላት? ልጅሽ አልመጣም?" ድሮኑን ወደ ቦርሳው እያስገባ ነበር። "እናቴ ሣሩን ትችለዋለች። ይቺ ግን ይህን አትችለውም።"

ይህን ሰውዬ አግብቼ ስኖር ያን ጊዜ እንደወደድኩት መቼም ወድጄው አላውቅም። እንዳይኮራብኝ ብዬ አልነገርኩትም።

በማግስቱ ማጭዱን አነሳና ዳገቱን ጀመረ። ሐኪሙን ብጠራበት፣ ልጃችንን ሚርዬን ብጠራበት አልሰማ አለ፤ ምን ላድርግ፣ ትከሻዬን ሰጠሁት። ሁለት ሽማግሌ ሰው ተደጋግፎ፣ እያረፈ፣ እየተሰዳደበ ወጣ። ጥዷ ሥር ሲደርስ በደህናው ጉልበቱ ተንበረከከና ማጨድ ያዘ።

"እማዬ፣ ሣር አስበላሁሽ" አለ። "ይቅር በይኝ።" እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም ከርከሮ የቆፈረውን አፈር በእጄ እየመለስኩ አብሬው አለቀስኩ።

ስንጨርስ እዚያው ተቀምጦ ቴግዩ ጋ ደወለ። የልጁ ድምፅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። "ወይ ጉዴ! የሰው መቃብር ነው ለካ! አጎቴ፣ በጣም ይቅርታ፣ በሚቀጥለው ዓመት የአያቴን ብቻ..."

"ብቻ የሚባል ነገር የለም" አለው ባሌ። "ሁለቱንም ታጭዳለህ። የታችኛውን አስቀድም። መኪናህን ከመንደሩ ውጭ አቁም፣ ሰው እንዳያይህ። ሞተርም እንዳታስነሳ፣ ይሰማል። በማጭድ ነው።"

"በማጭድ?! አጎቴ፣ ያን ሁሉ ሣር?"

"በማጭድ" አለና ስልኩን ዘጋው።