ለበር የተተከለው ቄጤማ

ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤታችን አጥር ወዲያ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ይኖራሉ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጓሯቸውን እንደ ጥንት የአገራቸው ሊቃውንት ግቢ አድርገውታል፦ ክብ የግንብ በር፣ የተቦረቦረ ድንጋይ፣ ከምንጣፍ የማትበልጥ ኩሬ። የፕለም ዛፋቸው ገና በረዶው ሳይቀልጥ ያብባል፤ በመጸው ክሪሳንተመም የሚሉት ቢጫ አበባ ይከተላል። እኔ ግን ሣር ማጨድ ሰልችቷቸው የዘየዱት ዘዴ ይመስለኝ ነበር።

አምና በሰኔ ወደ ኩሬው ዳር ወሰዱኝ። እዚያ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ረጅምና ሹል የሆነ፣ ቄጤማ መሳይ ተክል አለ። በዘንዶ ጀልባ በዓላቸው ከአሪቲ መሳይ ቅጠል ጋር ታስሮ በር ላይ ይሰቀላል፤ ክፉ ነገር እንዳይገባ ነው። የሚሰቅሉት ሚስታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ያ የመጀመሪያው በዓል ነበር። የሽማግሌው ታላቅ እህት ደግሞ ከካሊፎርኒያ ሊመጡ ነው።

«በሩን ባዶ ካገኘችው፣ ብቻውን መኖር አልቻለም ብላ ቤቱን አሽጣ ይዛኝ ትሄዳለች» አሉኝ። ሰውየው ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ እህታቸውን ግን ይፈራሉ።

ሽማግሌው እህታቸውን ለመቀበል ኤርፖርት የሄዱ ዕለት የልጃችን ክርስትና ነበር። አራሷን ሚስቴን ሊጠይቁ ከጎንደር የመጡት አማቴ ቄጤማ ይምጣ አሉ። ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ ያለውን የሐበሻ ሱቅ ኮል አደረግሁ፤ አልቋል። «እናንተ ሂዱ፣ ቤቱን እኔ አሰናዳለሁ» አሉ አማቴ። የእሳቸው «እኔ አሰናዳለሁ» ደግ ነገር አምጥቶ አያውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳሎኑ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀን። እንግዳው እየረገጠ ያመሰግናል። እኔም ሳመሰግን ከጫማዬ ሥር ያንን ጎራዴ መሳይ ቅጠል አየሁ።

«እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከእኒያ ሰውዬ ኩሬ። ከጓሮዬ የፈለጋችሁትን ቁረጡ ብለው የለ?»

ብለው ነበር፤ ስለ ሽንኩርት። ሮጬ ሄጄ ሳይ ኩሬው ዳር ተላጭቷል።

ነገሩን ስነግራቸው አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። «የሰው በዓል አስረገጥኩ» አሉና ነጠላቸውን አደግድገው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። እንግዳው ተከተላቸው። የክርስትና አባቱ ሶፋ ሥር ገባ፤ ቄሱም እንዲለቀም እግራቸውን አነሱ። ያልተሰበረውን መርጠን አጠብን፤ ከጓሯቸው ያንን አሪቲ መሳይ ቅጠል ጨምረን በስጦታ ሪባን አሰርንና የሽማግሌው በር ላይ ሰቀልነው። መኪናቸው ሲደርስ መዶሻው ገና እጄ ላይ ነበር።

እህትየው በሩ ፊት ቆሙ። አንዱ ቅጠል ላይ የጫማ ሶል ታትሟል። ጎረቤቴ እኔን አዩ፤ እኔ አማቴን። መላ ሲጠፋኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ ወደ ቤታችን ወስጄም የቀረውን ጉዝጓዝ ከበሩ ላይ አሳየኋቸው። እኛ ዘንድ እንግዳ የሚከበረው ይህን ረግጦ ሲገባ ነው አልኳቸው።

እህትየው ወለሉን ተመለከቱ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከአማቴ ጎን ተቀመጡ።

«የእኔ በር ባዶ ቢሆን የሚሰቅልልኝ ጎረቤት የለኝም» አሉ ወንድማቸውን። «እዚሁ ኑር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ መነጽር እንኳ የለኝም።

ዘንድሮ ሽማግሌው የኩሬውን ዳር በእንጨት ለሁለት ከፍለውታል፤ ግራው ለበር፣ ቀኙ ለወለል። አራስ ሊጠይቁ የመጡት አማቴም አልሄዱም። ዛሬ ጠዋት መቀስ ይዘው ሲወጡ አየኋቸው። የሚቆርጡት ከግራው ነው፤ ረዘም ያለው እሱ ነው።