የልጄ የክርስትና ስም

ልጃችንን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ስወጣ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። የአባቴ አገር ሰው ነበሩ። አምስት መቶ ዓመት ስላስቆጠረው የአገራችን ደብር ሲያወሩኝ ቆይተው፣ "የልጅህ የክርስትና ስም ማን ነበር?" አሉኝ።

ጠረጠርኳቸው። የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው አይነገርም፤ ደብተራ ይደግምበታል ይባላል።

"ምን ያደርግልዎታል?"

"ደብተራ መሰልኩህ እንዴ? ንገረኝ እንጂ ልጄ።"

አፌ ከዳኝና ነገርኳቸው። ስልክ ቁጥሬንም ተቀበሉኝ። ባለቤቴ ስትሰማ፣ "ስሟን እንኳ አትጠብቅላትም?" ብላ አለቀሰች።

ከወር በኋላ ሽማግሌው ፎቶ ቴክስት አደረጉልኝ። የደብሩ ሙታን በጸሎት እንዲታሰቡ ስማቸው የሚጻፍበት አሮጌ ብራና ነው። ከአያቴ ስም ሥር፣ በአዲስ ቀለም፣ "ወለተ ማርያም" ይላል።