አንዲት ዳዶ

ወርቅአየሁ የሟች ባሏን በባትሪ የሚሠራ የጀልባ ሞተር በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክማ ቆሰበር ከተማ ድረስ መጣች። "ልሸጠው ነው፤ ይሠራ እንደሆነ ይዩልኝ፣ ጋሼ" አለችው ጠጋኙን ይኸነውን።

ይኸነው ሞተሩን ያውቀዋል። መስከረም ላይ ባሏ፣ ዓሣ አጥማጁ አበረ፣ "እየሄደ ቀጥ ይላል" ብሎ አምጥቶለት ነበር። ይኸነው ገመዱን ነካክቶ፣ "ባትሪው ነው፤ ቀይረው" ብሎ ሸኘው። አበረ ቀየረ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሐይቁ መሐል ቀጥ አለ፤ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባው ብቻውን ዳር ወጣ።

አሁን ባትሪ ቢያገናኝለት ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልዞረም። ያኔ ያልነካትን፣ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረውን ክንፍ የያዘችውን ዳዶ ፈታ። ከክንፉ ሥር የመረብ ክር ዘንጉ ላይ እንደ ድውር ተጠምጥሟል። በምላጭ ቆርጦ ሲያወጣው ሞተሩ ወዲያው ዞረ።

አንዲት ዳዶ! አንዲት ዳዶ ለመፍታት ሰንፎ!

"ምን ሆኖ ኖሯል?" አለች ወርቅአየሁ።

ይኸነው ክሩን በመዳፉ ጨበጠ። ክንፉን መልሶ ዳዶዋን አጠበቀ።

"ይተዉት፤ ቢነግሩኝም አይገባኝ" አለችና ሞተሩን ወደ ማዳበሪያው ከተተች። "አበረም፣ 'ጋሼ ይኸነው ካየው አለቀ' ይል ነበር።"